ከአስተማሪው በፊት ጫማውን እዪው

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ ባስ ላይ ሆኜ አነበብኩት። ልጅሽ 8 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ የበረዶ ሆኪ ጀምሯል፤ ሥሩ ብረት ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ (ስኬቲንግ) የሚጫወቱትን። ግን ሁሌ ከኋላ የሚቀረው እሱ ነው፤ የቡድኑ አሰልጣኝም "ስኬቲንጉ ላይ ይሥራ" ብሎሻል። እና "ቶሮንቶ ውስጥ ጥሩ የስኬቲንግ አስተማሪ ማን ታውቃላችሁ?" ነው ያልሽው። ብዙ ሰው ስልክ ቁጥር ጽፎልሻል። ለአንዱም ከመደወልሽ በፊት ግን ይቺን አንብቢልኝ። የኔ ልጅ አሁን 11 ዓመቱ ነው። ያኔ ልክ እንደ ልጅሽ 8 ነበር፣ ልክ እንደ ልጅሽ ከኋላ ይቀር ነበር። እኔ የከፈልኩትን አንቺ እንዳትከፍዪ ነው የማስረዝመው።

እንዲቀልሽ በቁጥር አደርገዋለሁ።

1. የወሩን፣ የወቅቱን ክፍያ ባንዴ አትክፈዪ። መጀመሪያ አንድ ቀን ሄደሽ ተቀምጠሽ እዪ።

እኔ አላየሁም። ስልኬ ላይ ፈልጌ መጀመሪያ የመጣልኝን ነው የያዝኩት። ቪዲዮው ያምራል፤ ልጆቹ እንደ ጥይት ይተኮሳሉ። ሰውዬው ድሮ ሆኪ የተጫወተ ነው። ለ10 ሳምንት 890 ዶላር አሉኝ፣ ከፈልኩ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ነው የምሠራው። ያ ገንዘብ ስንት ሌሊት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

በመጀመሪያው ቀን ሜዳው ላይ 24 ልጅ ነበር። አንድ አሰልጣኝ፣ ሁለት የሚያግዙት ጎረምሶች። ልጄ ወረፋ ይቆማል፣ ተራው ሲደርስ ይሄዳል፣ ይወድቃል፣ ተመልሶ ይሰለፋል። በሦስተኛው ሳምንት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። በ50 ደቂቃ ውስጥ ልጄ የተንቀሳቀሰው 11 ጊዜ ነው። ሌላውን ጊዜ ቆሞ ነው ያሳለፈው። ለምን እንደሚወድቅ አንድም ሰው ጠጋ ብሎ አልነገረውም። "ፍጠን! ፍጠን!" ብቻ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ሰውዬውን አነጋገርኩት። "ቁርጭምጭሚቱ ደካማ ነው" አለኝ። ቀጥሎ ያለውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። "ከኢትዮጵያ ናችሁ አይደል? ለምን ሩጫ አትሞክሩም?" አለ። ልጄ ሄልሜቱን እንዳደረገ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ሰውዬው ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል። እኔ ግን አንጀቴ ነው ያረረው። መኪና ውስጥ ልጄ "ማሚ፣ እኛ ሆኪ አይፈቀድልንም?" ሲለኝ መልስ አጣሁ።

በማግስቱ ገንዘቤን ለማስመለስ ቢሯቸው ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ወረቀቱን ወደኔ አዞረችና በእስክሪብቶዋ ፊርማዬን ነካ ነካ አደረገች። "ፊርማሽ ነው? እንግዲህ ተመላሽ የለም ይላል" አለችኝ። የቀሩትን ስድስት ሳምንታት ለሌላ ልጅ ልስጥ ብላት አይቻልም። አለቃዋን አገናኚኝ ብላት ኢሜይል ላኪ። ሁለት ጊዜ ላክሁ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ገንዘቤን ውሃ በላው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ግን ቀድሞ ሙሉ ክፍያ የሚጠይቅሽን፣ ውሉ ላይ "ተመላሽ የለም" የሚል ያለበትን፣ ወላጅ ገብቶ እንዳያይ የሚከለክለውን ሁሉ እለፊው።

2. ጫማው። እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይቺን አትርሺ።

የልጄ ቁርጭምጭሚት ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ የኔ ነው። እንደምታውቂው እኛ ለልጅ ጫማ ስንገዛ ለከርሞም እንዲሆነው አንድ ቁጥር ጨምረን ነው። የስኬቲንግ ጫማውንም እንደዚያ ገዛሁለት። የትምህርት ቤት ጫማው 2 ነበር፣ እኔ 3 ገዛሁ። ከላይ ደግሞ ወፍራም የክረምት ካልሲ ደረብኩበት። የሆኪ ጫማ ግን ከተራው ጫማ በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ቁጥር ማነስ ነው ያለበት። ስለዚህ ልጄ ወደ ሁለት ቁጥር በሚተልቅ ጫማ ነበር ያን ሁሉ ወር የታገለው። እግሩ ጫማው ውስጥ ይዋኛል። ብረቱ ወደ ውስጥ ይተኛል። የሚያይ ሰው "ደካማ ቁርጭምጭሚት" ይላል።

ይሄን ያወቀችው ቆይተን ያገኘናት አስተማሪ ናት። የመጀመሪያው ቀን በረዶው ላይ ከመግባታቸው በፊት አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ጎማው ምንጣፍ ላይ ተንበረከከች። ማሰሪያውን ፈታች፣ ጫማውን አወለቀች፣ ከውስጥ ያለውን ስስ ንጣፍ መዥረጥ አድርጋ አወጣችና መሬት ላይ ዘረጋችው። "ቁምበት" አለችው። ቆመ። ተረከዙን ከጫፍ አስተካከለችለት። ከአውራ ጣቱ ፊት ለፊት ሁለት ጣቶቿን አጋድማ አስቀመጠች፤ ሁለቱም ገቡ። ቀና ብላ አየችኝና ምንም አልተናገረችም። መናገርም አላስፈለጋትም።

አንቺም ዛሬ ማታ እንደዚህ ለኪው። ሌላው መንገድ፣ ማሰሪያውን ሳታስሪ እግሩን እስከ ጫፍ ወደፊት ይግፋ። ከተረከዙ በስተኋላ አንዲት ጣት ብቻ ከገባች ደህና ነው። ሁለት ከገቡ ሰፍቷል። ታስሮ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጣቶቹ የጫማውን ጫፍ ለስ አድርገው መንካት አለባቸው፤ ጉልበቱን ሲያጥፍ ደግሞ ትንሽ ወደኋላ ይሸሻሉ። ካልሲው ስስ ይሁን። አዲስ ጫማ ከሆነ ደግሞ ብረቱ መሳሉን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ሳይሳል ነው የሚሸጠው። ባልተሳለ ብረት ጎበዝ አዋቂም ይወድቃል።

አዲስ የግድ አይደለም። ልጆች ቶሎ ስለሚያድጉ ያገለገለ ደህና ጫማ ሞልቷል። የቁርጭምጭሚቱን ቦታ በእጅሽ ጨመቅ አድርጊው። እንደ ካልሲ ከታጠፈ ተዪው።

3. አስተማሪውን ሆኪ ቤት ብቻ አትፈልጊ። ሰፈርሽ ያለው የማዘጋጃ ቤት አሬና (የበረዶ ሜዳ ያለበት አዳራሽ) ውስጥ የፊገር ስኬቲንግ፣ ያ በሙዚቃ በረዶ ላይ የሚሠሩት ዝላይና ውዝዋዜ፣ ክለብ ይኖራል፤ እዚያ ሂጂ።

የልጁ አባት ይሄን ስነግረው "ወንድ ልጄን ዳንስ ልታስተምሪው ነው?" ብሎ ተቆጣ። ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ቁጭ አድርጌ አሳየሁት። ባርባራ አንደርሂል የምትባል ካናዳዊት አለች። በፈረንጆቹ 1984 ኦታዋ ላይ ከፖል ማርቲኒ ጋር በጥንድ የፊገር ስኬቲንግ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች ናት። በኋላ የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ) ተጫዋቾችን ስኬቲንግ ስታስተምር ኖረች። ዶውን ብሬድ ደግሞ በ2016 አሪዞና ኮዮቲስ የሚባለው ቡድን የስኬቲንግ አሰልጣኝ ሆና ስትቀጠር በኤንኤችኤል የመጀመሪያዋ የሙሉ ጊዜ ሴት አሰልጣኝ ሆናለች። ሚሊዮን የሚከፈላቸው ሰዎች ከእነዚህ ሴቶች ከተማሩ የኛ ልጅ ምን ይጎድልበታል? ከዚያ በኋላ ዝም አለ። አሁን ልጁን አመላላሹ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆኪ አሰልጣኝ ጨዋታ ነው የሚያስተምረው። የፊገር ስኬቲንግ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው የብረቱን ጠርዝ ነው። እያንዳንዱ ብረት ሁለት ጠርዝ አለው፣ የውስጥና የውጭ። መታጠፉም፣ መቆሙም፣ ፍጥነቱም እዚያ ላይ ነው። ልጅሽ የራሱን የሆኪ ጫማ እንዳደረገ ይማራል፤ ጫማ ቀይር አይሉትም። ክለቦቹ በአገሪቱ የስኬቲንግ ማኅበር፣ በስኬት ካናዳ፣ ሥር ናቸው። ለጀማሪ "ካንስኬት" የሚባል ባለ 6 ደረጃ ትምህርት አላቸው። በረዶው ላይ ቆሞ መሄድ ለቻለ ደግሞ "ካንፓወርስኬት" አለ፤ ይሄ ልጆቹ የሆኪ ትጥቃቸውን አድርገው የሚሠሩት ነው። መጀመሪያ ክፍሉን ተቀመጪና እዪ። ተንበርክካ ልጆች ጋ የምትወርድ፣ ጫማ የምትነካ፣ ስም የምትጠራ አስተማሪ ካየሽ፣ ሲያልቅ ጠብቂያትና ለብቻ ታስተምሪያለሽ ወይ በያት። እኛ እንደዚያ ነው ያገኘናት። ለግማሽ ሰዓት 45 ዶላር ነበር። ከልጄ ቡድን ሌላ ልጅ ጨምረን ሁለት ሆነው ሲማሩ ለሁለት ተካፈልነው።

4. ጥሩ ትምህርት ምን ይመስላል? ፓክ (የሚመታው ክብ ጎማ) የለም። ስቲክም (መምቻው ዱላ) የለም። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ልጄ ይሄ ሆኪ አይደለም ብሎ አለቀሰ።

በማርከር በረዶው ላይ ግማሽ ክብ እየሣለች በአንድ እግሩ እንዲከተለው ታደርገዋለች። ጉልበቱን አጥፎ በአንድ እግር ከጎል መስመር እስከ ሰማያዊው መስመር እንዲንሸራተት ታደርገዋለች። መጀመሪያ ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ነበር የሚወድቀው። ደግሞ እንደ ሩጫ ወደኋላ ነበር የሚገፋው። የሆኪ ብረት ጫፉ ክብ ነው፣ የሚይዝ ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ ወደኋላ ሲገፋ ያመልጠዋል። ወደ ጎን መግፋት ነው ያለበት። ይሄን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችው። ለ890 ዶላር አንድም ቀን ያልሰማው ነገር ነው።

አንዷ ነገር በጣም ነው የገረመችኝ። ልጄ እየተንሸራተተ መጥቶ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በግራ ጎኑ ብቻ ነበር። በቀኝ ሲሆን ዞሮ ይመጣል። እሷ ምን አደረገች? በሁለቱም ጫፍ ሲቆም ፊቱን ሁልጊዜ ወደኔ፣ እኔ ወደተቀመጥኩበት ግድግዳ እንዲያዞር አዘዘችው። ያኔ ሲሄድ በአንዱ ጎን፣ ሲመለስ በሌላው ጎን መቆም ግድ ሆነበት። ስድስት ሳምንት ፈጀ። እናቱን እያየ ተማረው።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፣ ወሬዬ አልቆም አለኝ።

አስተማሪዋ ወይም አስተማሪው የሥልጠና ማረጋገጫውን፣ ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚጠየቀውን የፖሊስ ማጣሪያ እንዲያሳይሽ ጠይቂ። ደህና ሰው በዚህ አይከፋም። ልጅሽን የምታዪበት ቦታ ላይ ተቀመጪ። እኛ ሰው ላለማስቀየም ብለን ብዙ ነገር ሳንጠይቅ እናልፋለን፤ በልጅ ግን ይሉኝታ የለም።

ገንዘብ ካጠረሽ አትፈሪ፣ እኔም አጥሮኝ ነበር። ከተማው "ዌልካም ፖሊሲ" የሚለው ድጎማ አለው፤ ገቢሽ ዝቅ ያለ ከሆነ በከተማው የስፖርት ትምህርቶች ላይ ይከፍልልሻል። "ጃምፕስታርት" የሚባለው ድርጅትም ለልጆች ስፖርት ምዝገባ ይረዳል። የከተማው ምዝገባ ሲከፈት ቦታው ወዲያው ስለሚያልቅ ጠዋት በእኛ 1 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ተገኚ። በሳምንት አንዴ መማር ብቻውን ደግሞ ጠብ የሚል ነገር የለውም። ክረምቱን ሙሉ የከተማው የውጭ ሜዳዎች ነጻ ናቸው። በመዝናኛው ሰዓት ስቲክ አይፈቀድም፤ ይሄ ለልጅሽ ጥሩ ነው፣ ሌላ አማራጭ ስለሌለው ስኬቲንግ ብቻ ይሠራል። እኛ ቅዳሜና እሁድ እየሄድን የተማረውን ይደግማል። እኔ አጥሩ ጋ ሻይ ይዤ እቆማለሁ።

ያ "ሩጫ ሞክሩ" ያለን ሰውዬ ነገር ደግሞ ልጄ ሆድ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አንድ ቀን ኖርዝ ዮርክ ወስጄ የሄርበርት ካርኔጊን አሬና አሳየሁት። ካርኔጊ በ1919 እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደ፣ ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ ጥቁር ተጫዋች ነው። ያንን የመሰለ ችሎታ ይዞ በቆዳው ቀለም ምክንያት ኤንኤችኤል ሳይገባ ቀረ። ከዚያ ለልጆች የሆኪ ትምህርት ቤት ከፈተ። ዊሊ ኦሪ በ1958 ለቦስተን ብሩይንስ ተሰልፎ የመጀመሪያው ጥቁር የኤንኤችኤል ተጫዋች ሆነ። የካርኔጊ ስም ደግሞ በ2022 የሆኪ ዝነኞች አዳራሽ ውስጥ ገባ፤ ሰውዬው ራሱ ግን ከዚያ 10 ዓመት ቀድሞ አርፎ ነበር። ልጄ በሩ ላይ ያለውን ስም ጮክ ብሎ አነበበው። "እኛ አይፈቀድልንም?" ላለኝ ጥያቄ መልሱን ያን ቀን ነው የሰጠሁት።

ባለፈው የካቲት በአንድ ጨዋታ ላይ ወደኋላ እየተንሸራተተ ከሱ ራስ የሚበልጥ ልጅ ፊት ቆመና ፓኩን ነጠቀው። ጎል አልገባም። ማንም አላጨበጨበም። እኔ ግን ምን እንዳየሁ ስለማውቅ ተነስቼ "ጎበዝ የኔ ልጅ!" ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። አሬናው በሙሉ ዞሮ አየኝ።

በይ፣ ዛሬ ማታ ንጣፉን አውጥተሽ ለኪው። የልጅሽን የተራ ጫማ ቁጥርም ጻፊልኝ። ልጄ የለቀቀው ቁጥር 2 የሆኪ ጫማ ታጥቦ ደርቆ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ልጅሽ 3 ወይም 3 ተኩል የሚያደርግ ከሆነ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ አመጣልሻለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ይጠበዋል፣ በታች ከሆነም ይሰፋዋል፤ እንዲሁ አልሰጥሽም፣ አብረን ሌላ እንፈልጋለን።