የስፌት ጥያቄዎቻችሁ፦ ከሦስት ማዕዘን ቁርጥራጭ የሚሠራ የሕፃን ብርድ ልብስ

ጥያቄ፦ እህቴ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ባለ ቀለም ከሆኑ ካሬዎች ብርድ ልብስ ልሠራላት ብዬ ጨርቁን በሦስት ማዕዘን ቆርጬ መስፋት ጀመርኩ። ሲሰፋ ግን ይለጠጣል፤ አንዱ ካሬ ከሌላው አይገጥምም። ስንት ጨርቅስ ይበቃኛል? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ችግሩ ከአቆራረጡ ነው። ጨርቅ በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ሲጎትቱት ይጸናል፤ በሰያፍ ሲጎትቱት ይለጠጣል። ሦስት ማዕዘን አስቀድመው ሲቆርጡ ረጅሙ ጎን ሰያፍ ስለሚሆን መኪናው ሥር ሲገባ ይንሻፈፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይሰፋል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ጎናቸው 13 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ነጭና አንድ ባለ ቀለም ካሬ የጨርቁን ፊት ወደ ውስጥ አድርገው ይደርቡ። በነጩ ጀርባ ከጥግ እስከ ጥግ በእርሳስ ያስምሩ። ከመስመሩ ግራና ቀኝ 0.75 ሳንቲ ሜትር ርቀው አንዳንድ ስፌት ይስፉና መስመሩን ተከትለው ይቁረጡ። ሲገለጥ ሁለት ባለ ሁለት ቀለም ካሬ ያገኛሉ። ስፌቱን ወደ ጠቆር ያለው ጨርቅ አስተኝተው ይተኩሱ፤ ካውያውን ግን ይጫኑት እንጂ አይግፉት፤ ከተገፋ ሰያፉ ያው ይለጠጣል።

እያንዳንዱ ካሬ ወደ 11.9 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ እርስዎ የሚፈልጉት 11.5 ነው። ከወፍራም ካርቶን 11.5 በ11.5 ይቁረጡ፤ የካርቶኑን ሁለት ተቃራኒ ጥጎች ከስፌቱ መስመር ጋር አግጥመው ዙሪያውን ነድፈው በመቀስ ይከርክሙ። 80 ካሬ መከርከም ያሰለቻል፤ ግን አይዘለልም። እያንዳንዱ ካሬ 2 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ በ8 ካሬ ረድፍ ላይ 1.6 ሳንቲ ሜትር ይዛነፋል፤ ያንን ደግሞ በመጎተት የሚያስተካክለው የለም። ካሬዎቹ ሲገጣጠሙ በየጎኑ 0.75 ስለሚገባ የሚታየው 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

በወርዱ 8፣ በቁመቱ 10 ካሬ ቢደረድሩ 80 በ100 ያህል ይወጣል። ለዚህ 40 ነጭና 40 ባለ ቀለም ካሬ ያስፈልጋል። የጨርቁ ወርድ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከየቀለሙ 60 ሳንቲ ሜትር፣ 110 ከሆነ 75 ይግዙ፤ ታጥቦ የሚገባው ተቆጥሮበታል። ለገበር ባለ 150 ወርድ አቡጀዲ 1 ሜትር ከ20 ይበቃል፤ 90 በ110 ቆርጠውለት ለጠርዙም ይተርፋል። ጨርቁ ሁሉ ጥጥ ይሁን። ከተጠራጠሩ ከጫፉ ጥቂት ክር መዘው ያቃጥሉ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ይጠጥራል።

የቆረጧቸውን ሦስት ማዕዘኖች አይጣሏቸው። የስታርች ውሃ ረጭተው፣ በካውያ ተጭነው ካደረቋቸው በኋላ ሳይጎትቱ ይስፏቸው።

ጥያቄ፦ ካሬዎቹ ልክ ናቸው፤ ሲገጣጠሙ ግን የሦስት ማዕዘኖቹ ጫፍ ይቆረጣል። አራት ካሬ የሚገናኝበት ላይ ደግሞ መርፌዬ ይሰበራል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጫፍ የሚበላው ከ0.75 የሰፋ ስፌት ነው። ወርዳቸው 4 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ጥብጣቦች ጎን ለጎን ሰፍተው ይተኩሱ፤ የመካከለኛው የሚታይ ወርድ 2.5 ካልሆነ ስፌትዎ ልክ አይደለም። ሲንጀር መኪና ላይ ከመርፌው በስተቀኝ 0.75 ለክተው ፕላስተር ይለጥፉና ጨርቁን እሱን አስታከው ያስኪዱ።

መርፌ የሚሰበረው ስፌቶቹ አንድ ላይ ሲከመሩ ነው። የአንደኛውን ረድፍ ስፌት ሁሉ ወደ ቀኝ፣ የሁለተኛውን ወደ ግራ ከተኮሱ ሲገናኙ ጎን ለጎን ይተኛሉ። አራት ካሬ አዙሮ ነፋስ እንደሚያሽከረክረው ወረቀት የሚያስመስለው አደራደር መሐሉ ላይ ስምንት ስፌት ያከማቻል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ካሬ በአንድ አቅጣጫ መደርደር ይሻላል። ከመስፋትዎ በፊት መሬት ላይ ደርድረው በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ የተገለበጠው ካሬ ፎቶው ላይ ወዲያው ይታያል።

ጥያቄ፦ መሐሉን በተባዘተ ጥጥ ልሙላው ወይስ አሮጌ ጋቢ ላድርግበት? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጋቢው። የተባዘተ ጥጥ በየ4 እና 5 ሳንቲ ሜትሩ ካልተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ይጓጉላል፤ ሕፃን ላለበት ቤት ደግሞ እጥበት አይቀርም። ጋቢ ግን ሽመና ስለሆነ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ካሬዎቹ በሚገናኙበት መስመር በየ10 ሳንቲ ሜትሩ መስፋት ይበቃዋል። ባለ አራት ፈርጁን እንዳለ ካስገቡት ይከብዳል፤ ጠርዙን ተርትረው ሁለቱን ፈርጅ ብቻ ይጠቀሙ። ለደብረ ማርቆስ ብርድም ይህ ይበቃል፤ ባሕር ዳር ላለ ሕፃን አንድ ፈርጅ ይሻለዋል። ጋቢው አስቀድሞ በሙቅ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ያለዚያ በኋላ ገብቶ ላዩን ያጨማድደዋል።

ሲደርቡ ገበሩን መሬት ላይ ዘርግተው ጠርዙን በፕላስተር ይያዙ፤ ይወጠር እንጂ አይለጠጥ። ጋቢውን፣ ከዚያ ላዩን አድርገው በየ10 ሳንቲ ሜትሩ መርፌ ቁልፍ ይውጉ። ስፌቱን ከመሐል ወደ ዳር ይውሰዱት፤ ከዳር ከተጀመረ ጭምድዱ መሐል ይሰበሰባል። የመኪናው መርፌ ቁጥር 90፣ የስፌቱ እርምጃ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለጠርዙ ወርዱ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥብጣብ፣ ተቀጣጥሎ 4 ሜትር ያህል፣ ለሁለት አጥፈው ከፊት በመኪና ይስፉና ወደ ጀርባ መልሰው በእጅ ይጨርሱት።

ጥያቄ፦ ቀዩ ቀለም ነጩን ያበላሽብኛል ብዬ ፈራሁ። ሕፃኑስ ከተወለደ ጀምሮ ይለብሰዋል? (ከሞጣ)

መልስ፦ ቀዩን ከመቁረጥዎ በፊት ለብቻው ይጠቡት፤ ከዚያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለውበት ያሳድሩ። ነጩ ከቀላ ደግመው ይጠቡ፤ ሦስት ጊዜ ታጥቦም ከለቀቀ ሌላ ጨርቅ ይፈልጉ። ሕፃኑን በተመለከተ፦ ዓመት እስኪሞላው ተኝቶ ሳለ ልቅ ብርድ ልብስ አይደረግበትም፤ ፊቱን ሸፍኖ ሊያፍነው ይችላል። ነቅቶ ሰው እያየው ሲንፈራገጥበት ከሥሩ ማንጠፍ ግን ይቻላል።