ማግኔቱ ላይ የተለጠፈች ቅንጣት

የሄሊኮፕተር ጥገና ለጀመራችሁ ልጆች፤

ሞተር ሁለት ሊሆን ይችላል፤ የሞተሩን ኃይል ወደ ሮተሩ (ከላይ ወደሚሽከረከረው ክንፍ) የሚያደርሰው ዋናው ጊርቦክስ ግን አንድ ነው። እሱ ካበቃለት ምትክ የለውም። ዘይቱ መንገድ ላይ ማግኔት ያለው ቺፕ ዲቴክተር የሚገጠመውም ለዚህ ነው፤ የማርሽ ወይም የኩሽኔታ ብረት መላጥ ሲጀምር ፍርፋሪው እዚያ ይያዛል።

እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 2009 ስኮትላንድ ውስጥ የሰሜን ባሕር ነዳጅ ሠራተኞችን የሚያመላልስ ሱፐር ፑማ የተባለ ሄሊኮፕተር ላይ አንዲት ቅንጣት ተገኘች። ጥገና ክፍሉና አምራቹ በስልክና በኢሜይል ቢነጋገሩም በደንብ አልተግባቡም፤ የቅንጣቷ ምንነት ሳይታወቅ ሄሊኮፕተሩ መብረሩን ቀጠለ። በ7ኛው ቀን የሁለተኛው ደረጃ ፕላኔት ማርሽ (በመሃል ማርሽ ዙሪያ የሚዞር ማርሽ) ተሰበረ፣ ዋናው ሮተር አየር ላይ ተነቀለ፣ 16 ሰው አለቀ። የሚያስቆጨው ደግሞ፣ ጊርቦክሱ ውስጥ ፍርፋሪ ወደ ታች እንዳይወርድ የተደረደሩት ማግኔቶች ራሳቸው ፍርፋሪውን ይዘው ወደ ዲቴክተሩ የሚደርሰውን ይቀንሱ ነበር።

ስለዚህ ቅንጣት ስታገኙ በጨርቅ አትጥረጉ። ከየትኛው ዲቴክተር እንደወጣ፣ ስንት የበረራ ሰዓት ላይ እንደሆነ ጻፉ፤ በንጹሕ ከረጢት አስቀምጡ፤ ቅርጹንና መጠኑን ከማኑዋሉ ጋር አስተያዩ። አምራቹን ስትጠይቁ ፎቶውን አያይዙ፤ በስልክ የተባለውን ሁሉ በጽሑፍ አስደግሙ። "ሽፋን ተልጦ ነው" የሚባለው ላቦራቶሪ ብረቱን ከለየ በኋላ ነው።

ለዘይት ፊልትሮም ተጠንቀቁ። በዚያው ወር፣ ማርች 12፣ ካናዳ ኒውፋውንድላንድ አጠገብ አንድ ሲኮርስኪ ኤስ-92 ሄሊኮፕተር ወድቆ ከ18 ሰው 17ቱ ሞቱ። የፊልትሮውን ቤት ከያዙት 3 የታይታኒየም ቡሎኖች 2ቱ ተበጥሰው ዘይቱ ፈሰሰ፤ ከዚያ በኋላ ሄሊኮፕተሩ አየር ላይ የቆየው ወደ 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ፊልትሮ በተለወጠ ቁጥር ዳዶው ሲፈታና ሲታሰር ጥርሱ ይፋቅ ነበር፤ የተፋቀ ጥርስ ደግሞ ቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያ ኃይል የሚለካው ቁልፍ) ልኩን ቢያሳይም ቡሎኑን በሚገባ አይወጥረውም። የላላ ቡሎን በንዝረት ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። ዳዶው በእጅ ሲገባ ከተንገራገጨ አስገድዳችሁ አታጥብቁት፤ ዳዶውንም ቡሎኑንም መርምሩ። በኋላ በታይታኒየሙ ፋንታ የአረብ ብረት (ስቲል) ቡሎን ግዴታ ሆነ፤ አምራቹ ግን መለወጫ ማሳሰቢያውን ያወጣው ከአደጋው በፊት ነበር፣ የጊዜ ገደቡ ነው የረዘመው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2016 ኖርዌይ፣ ቱሮይ ላይ 13 ሰው የሞተበት ኢሲ225 ሄሊኮፕተር ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ስንጥቁ የሄደው ከማርሹ ገጽ በታች ስለነበር ማግኔቱ ማስጠንቀቂያ አልሰጠም። ንጹሕ ዲቴክተር ስታዩ መዝገቡ ላይ "ቅንጣት አልተገኘም" ብላችሁ ጻፉ፤ "ማርሹ ደህና ነው" አትበሉ።