ጥያቄና መልስ፦ የተስፋው መለኪያ ለምን አልገጥም አለ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማሩ፣ ከሠራዊት የተሰናበቱ ሰዎች ስለ ወደፊቱ ያላቸውን ብሩህ ተስፋ ለመመረቂያ ጽሑፌ እየለካሁ ነው። ሻየር፣ ካርቨርና ብሪጅስ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ባለ 10 ዓረፍተ ነገር መጠይቅ ወደ አማርኛ መልሼ 40 ሰው አስሞላሁ። አልፋው (ዓረፍተ ነገሮቹ አንድን ነገር አብረው መለካታቸውን የሚያሳየው፣ ወደ 1 ሲጠጋ ጥሩ የሚባለው ቁጥር) 0.21 ሆነብኝ። መጠይቁ ለእኛ ሰው አይሆንም ማለት ነው?
ከፔዳ ግቢ

መልስ፦ መጠይቁን ከመክሰስዎ በፊት መልሶቹን ያስገቡበትን የኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) ፋይል ይክፈቱ። ከ10ሩ የሚቆጠሩት 6 ብቻ ናቸው። 2፣ 5፣ 6 እና 8 ማዘናጊያ ስለሆኑ አይደመሩም። 1፣ 4 እና 10 እንዳሉ ይገባሉ። 3፣ 7 እና 9 ግን አሉታዊ ናቸውና መገልበጥ አለባቸው፦ ከ0 እስከ 4 ካስገቡ መልሱን ከ4 ይቀንሱ፣ ከ1 እስከ 5 ካስገቡ ከ6። በ0–4 ሲሠራ ድምሩ ከ0 እስከ 24 ይሆናል። ሳይገለብጡ ከደመሩ ተስፈኛው ሰው በሦስቱ ያገኘውን በሦስቱ ያጣዋል፤ አልፋው የሚወድቀውም በዚህ ነው። በእንግሊዝኛው 0.78 ገደማ ነበር።

ተገልብጦም ካልተስተካከለ ጥፋቱ ትርጉሙ ላይ ነው። 7ኛውን «ነገሮች እንዳሰብኩት ይሄዱልኛል ብዬ አልጠብቅም» ብለው ከሆነ፣ ተስፋ ያለው ሰው «አልስማማም» ማለት አለበት፤ «አል» በ«አል» ላይ ሲደረብ ከሥራ ደክሞ የመጣ የማታ ተማሪ ይምታታበታል። «ነገሮች እንዳሰብኩት ይሄዱልኛል ብዬ የምጠብቀው ከስንት አንዴ ነው» ቢሉት ይቀላል። ከዚያ እንግሊዝኛውን ያላየ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰውና ከዋናው ጋር ያስተያዩት።

4ኛው ላይ፣ ማለትም ስለ ወደፊቴ ሁልጊዜ ተስፈኛ ነኝ በሚለው ላይ፣ መሐል ቤት የከበቡትንም ልብ ይበሉ። «ነገን ፈጣሪ ያውቃል» የሚል ሰው መሐሉን (በ0–4 ከሆነ 2ን) የሚከበው በትሕትና ሊሆን ይችላል። አምስት ስድስት ሰው ለብቻ አስቀምጠው፣ ሲከብቡ ምን እንዳሰቡ ጮክ ብለው እንዲነግሩዎት ያድርጉ። ይህን ሥራ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኛ ግን ከአልፋው ይበልጥ የምናምነው እሱን ነው።

ቅጹ ላይ «የቀድሞ ሠራዊት» ብለው ከሆነ ይቀይሩት። ብዙ ሰው እስከ 1983 ዓ.ም. የነበረውን የደርግ ጦር ነው የሚረዳው። «ከሠራዊት የተሰናበቱ» ይበቃል።

ስንት ያመጣ ተስፈኛ ይባላል የሚል የተቆረጠ ነጥብ ስለሌለ ሰዎቹን ለሁለት አይክፈሏቸው። በዕድሜ ከሚቀራረቧቸው፣ ውትድርና ካልነበሩ የማታ ተማሪዎች ጋር ያወዳድሩ። ማዕረግ፣ ክፍለ ጦርና ትምህርት ክፍል ባንድ ቅጽ ላይ አይጠይቁ። በ40 ሰው ውስጥ ሦስቱ ከተገናኙ ስም እንደ መጻፍ ነው።