አዲስ የናስ ራይድ ሲምባል ከመግዛት ያገለገለ ነሐስ ይሻልሃል

ወንድሜ፣ «ድሬዳዋ ነኝ፣ ከድራሜ ጋር የመጣው ራይድ (ምቱን የሚይዘው ትልቁ ሲምባል) ድስት ድስት ይላል፣ በርካሽ ምን ልግዛ?» ብለህ ለጠየቅከው። እኔም እዚሁ ድሬ በሠርግ ባንድ ድራም ነው የምመታው፣ ችግርህ በደንብ ይገባኛል።

1. ናስ አትግዛ። አብረቅራቂ፣ አዲስ፣ ዋጋው የሚያጓጓ ራይድ ካየህ አብዛኛውን ጊዜ ናስ ነው፤ መዳብና ዚንክ። የሜይንል ኤችሲኤስ፣ የሳቢያን ኤስቢአር፣ የፓይስቴ 101 ሁሉም ናስ ናቸው። ለልምምድ ይሆናሉ። ሠርግ ላይ ጭክጭካው ሲፈጥን ግን ምቱ ይጠፋና ሹሹታው ብቻ ይቀራል። የሚያዋጣህ ነሐስ ነው። ቢ8 የሚባለው 92 በመቶ መዳብ፣ 8 በመቶ ቆርቆሮ (ቲን) ነው፤ የፓይስቴ ፒኤስቲ 5 እና የሳቢያን ቢ8ኤክስ ከዚህ ወገን ናቸው። ቢ20 ቆርቆሮው 20 በመቶ ነው፤ አዲሱ ኪስ ያራቁታል፣ ያገለገለው ግን ይደፈራል።

2. ከ20 ኢንች አትውረድ።

3. ሳትመታ ብር አትቁጠር። አቦ፣ እዚህ ላይ ሆዴ እርር ብሏል! አንድ ሱቅ ገብቼ ስቲክ ሳወጣ ባለቤቱ «አትንካው፣ ከነካኸው ገዝተኸዋል» አለኝ፣ ሰው ፊት። የሚሸጠው ድምፅ አይደለም እንዴ? ጥዬ ወጣሁ። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛችን ግን ይሉኝታ ይዞት በባንዱ ብር ገዛው። ቤት ወስደን ስናየው ከመሃሉ ቀዳዳ የሚነሳ ስንጥቅ አለው። ሰውዬው አልመልስም ብሎ ድርቅ። ያ ብር የሁላችንም ላብ ነበር።

ስለዚህ ያገለገለ ስታገኝ ጠርዙን ዙሪያውን በጥፍርህ ሂድበት፤ ስንጥቅ ካለ ጥፍርህን ይይዘዋል። ቀዳዳው ክብነቱ ጠፍቶ ወደ አንድ ጎን ከተቦረቦረ የማቆሚያው ብረት ላይ የሚገባው ፕላስቲክ ሳይኖር ሲመታ የኖረ ነው። ዋጋ አስቀንስበት እንጂ ለዚያ ብለህ አትተወው። ቀጥሎ በጣትህ አንጠልጥለህ ቀስ ብለህ ምታው። ድምፁ ሲረግብ ውስጡ ዝዝዝ የሚል ነገር ከሰማህ እዚያው ተወው። መጨረሻ ላይ መሃሉ ላይ ያለውን ጉብታ ምታ፤ እንደ ደወል ጥርት ማለት አለበት።

እኔ ዛሬ የምመታው 20 ኢንች ዚልጂያን ኤ (ቢ20 ነሐስ) ነው፣ ድራም ካቆመ ልጅ የገዛሁት። የጠቆረ ነው፣ ጽሑፉም ለቋል። የባንዱ ልጆች «ይሄን አሮጌ!» ብለውኝ ነበር። ከዚራ ሰፈር አንድ ሠርግ ላይ ስመታው ሳውንድ የሚሠራው ልጅ መጥቶ «ራይዱ ላይ ማይክ አላደረግኩም እኮ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የተናገረ የለም።

ስትገጥመው ፕላስቲኩንና ፌልቱን (ከላይና ከታች የሚገባውን ለስላሳ ጨርቅ) አትርሳ፣ ብሎኑን አንቀህ አትሰር፤ ሲምባል እየተወዛወዘ ነው የሚኖረው። ከአዲስ አበባ የሚልክልህ ሰው ካለ ደግሞ መጀመሪያ እየመታ በስልክ ይቅረጽልህ። እዚሁ ድሬ ያገኘኸው ነገር ካለ ሳትከፍል ጻፍልኝ፣ ስቲኬን ይዤ አብሬህ እሄዳለሁ።