አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ ልግዛ ወይስ ልለፈው? ጥያቄና መልስ

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በአብዛኛው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሆነው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ ማጥመድ ከሚፈልጉ ሰዎች የቀረቡ ናቸው፤ የመጨረሻው ከባሕር ዳር ነው። የምንነጋገረው ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ስለተሠሩ፣ ከ4 እስከ 6 ሜትር ስለሚረዝሙና ሞተራቸው ከኋላ በውጭ በኩል ስለሚታሰር ጀልባዎች ነው።

ጥያቄ፦ የ1974 ሥሪት የሆነች 5 ሜትር ጀልባ ከነተጎታቿ በርካሽ አገኘሁ። ቀለሟ ደብዝዟል እንጂ የተሰነጠቀ ነገር አይታይባትም። ልግዛት?

ወንድሜ፣ የደበዘዘ ቀለም አያስፈራህ፤ የሚያብረቀርቅም አያታልልህ። የዚያን ዘመን ጀልባ የሚገድለው ፋይበርግላሱ ሳይሆን በፋይበርግላስ የተሸፈነው እንጨት ነው። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ትራንሰም ይባላል፤ ውስጡ ፕላይውድ፣ በእኛ አነጋገር ኮምፔንሳቶ ነው፣ ውፍረቱም ብዙ ጊዜ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከወለሉ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉት ስትሪንገሮችና ወለሉ ራሱም እንጨት ናቸው። ውሃ ወደዚህ እንጨት የሚደርሰው በትልቅ ስንጥቅ አይደለም። በውሃ ማፍሰሻው ቀዳዳ፣ የጥልቀት መለኪያው በታሰረባቸው ቪቴዎችና በሞተሩ ብሎኖች በኩል፣ ማሸጊያው በደረቀበት ሁሉ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። መውጫ ስለሌለው እዚያው ተኝቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ እንጨቱን ሳትመረምር ዋጋ አትነጋገር።

ጥያቄ፦ ሳይፈታ እንዴት ይመረመራል?

መጀመሪያ በጆሮ ነው። በፕላስቲክ መዶሻ ወይም በካቻቪቴ እጀታ ትራንሰሙን ከላይ ወደ ታች በየ10 ሳንቲ ሜትሩ መታ መታ አድርግ። ደህና እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ አለው። ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ በእርሳስ እያከበብክ ሂድ፤ ብዙ ጊዜ ክቡ ማፍሰሻው ዙሪያ ይጀምራል።

ቀጥሎ ሞተሩን ወደ ላይ አንሳና የታችኛውን ጫፍ በሁለት እጅ ይዘህ በሰውነትህ ክብደት ወደ ታች ተጫነው። ሌላ ሰው የትራንሰሙን የላይኛ ጠርዝ ይመልከት። ጠርዙ ከተንቀሳቀሰ ወይም በማዕዘኖቹ ስንጥቅ ከተከፈተ ውስጡ አልቋል።

ወሳኙ ምርመራ ግን መሰርሰር ነው። ሻጩን አስፈቅደህ ከውስጥ በኩል፣ ከታች ጠርዝ አጠገብ፣ በ6 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ሁለት ሦስት ቦታ ብሳ፤ የውጭው ፋይበርግላስ ድረስ እንዳትደርስ ትራፓኖው ላይ በፕላስተር 30 ሚሊ ሜትር ላይ ምልክት አድርግ። የሚወጣው ፍርፋሪ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ጠቁሮ እንደ ቡና አተላ እርጥብ ሆኖ ከወጣ መልሱን አግኝተሃል። ቀዳዳዎቹን በዚያው ቀን በኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ጠንካራ ማጣበቂያ) ድፈናቸው። «አይበሳም» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ትራንሰሙን እንደበሰበሰ ቆጥረህ ዋጋውን አስላ።

በመጨረሻ ሚዛን። የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ጀልባዋን ከነተጎታቿ መዝን፤ የተጎታቹን፣ የሞተሩን፣ የባትሪውንና የቤንዚኑን ክብደት ቀንስ (ቤንዚን በሊትር 0.74 ኪሎ ገደማ ነው)። የቀረው ከፋብሪካው ክብደት በ100 ኪሎ ከበለጠና ሌላ ምክንያት ካላገኘህለት፣ ወለሉ ሥር ያለው ፎም 100 ሊትር ያህል ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቦስተን ዌለር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሥሪት ከሆነችስ? አትሰጥምም ይባላል።

አትሰጥምም የሚለው እውነት ነው። ከ1958 ጀምሮ የተሸጠችው ባለ 13 ጫማዋ ዌለር ሁለት የፋይበርግላስ ቆዳ ኖሯት መካከሉ በፎም የተሞላ ነው፤ በ1961 ለማስታወቂያ በመጋዝ ለሁለት ተቆርጣ ግማሿ እየተነዳች ታይታለች። ግን አለመስጠምና ደረቅ መሆን የተለያዩ ናቸው። ፎሙ ከሁለቱም ቆዳዎች ጋር ስለተጣበቀ ከረጠበ ሊደርቅ የሚችልበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። ለዚህች ጀልባ ከምርመራዎቹ ሁሉ ሚዛኑን አስቀድሙ።

ጥያቄ፦ ጄልኮቱ (የፋይበርግላሱ የውጭ ሽፋን) ላይ ብዙ ስንጥቅ አለ፣ ከታች ደግሞ አብጦ የተቋጠረ ነገር አየሁ። የትኛው ያሳስበኝ?

እህቴ፣ እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ቀጭን ስንጥቅ ላይ ላዩን ከሆነ የመልክ ጉዳይ ነው። ከአንድ ነጥብ እንደ ኮከብ የተበተነ ስንጥቅ ካየሽ ግን እዚያ ላይ የሆነ ነገር መትቷታል፤ ከውስጥ በኩል ያለውን ፋይበርግላስ ተመልከቺ። ጎን ለጎን የተደረደሩ መስመሮች ያ ቦታ ይተጣጠፋል ማለት ነው፤ ከሥሩ ያለው ስትሪንገር ሳይጠገን ላዩን መሙላት ዋጋ የለውም። የተቋጠረውን በመርፌ ውጊው (መነጽር አድርጊ፣ ፈሳሹ በግፊት ይረጫል)። ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ውሃ ሬዚኑን፣ ማለትም የመስታወት ክሮቹን አጣብቆ የያዘውን ሙጫ፣ እየበላው ነው። ጥቂት ከሆኑ ተፍቀውና ደርቀው በኢፖክሲ ይሞላሉ፤ ሆዷን ሙሉ ከሸፈኑ እለፊያት።

አንድ የሚዘነጋ ነገር፦ 1.5 ሜትር ቀጥ ያለ ጠርብ ከኋላ ጫፍ ወደ ፊት የጀልባዋ ሆድ ላይ ለጥፊ። መሃሉ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ክፍተት ከታየ፣ ለዓመታት በመጥፎ ተጎታች ላይ ተቀምጣ ጎብጣለች፤ ስትፈጥን አፍንጫዋን ወደ ውሃ ትደፋለች።

ጥያቄ፦ ትራንሰሙ ብቻ ከበሰበሰ ራሴ ልቀይረው እችላለሁ?

ይቻላል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነም ጀልባዋን ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው። ከመቁረጥህ በፊት የጀልባዋን ጎኖች ስፋት ለካና ከላይ አግዳሚ እንጨት እሰር፤ ትራንሰሙ ሲወጣ ጎኖቹ ይከፈታሉና። የውስጡን ቆዳ ቆርጠህ አውጣ፣ የውጭውን አትቁረጥ። የበሰበሰውን ጠርገህ ውጭኛውን ቆዳ በ40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ።

ለ1.5 በ0.6 ሜትር ትራንሰም አንድ ሙሉ 19 ሚሊ ሜትር የባሕር ፕላይውድ ይበቃል፤ ሁለት ቆርጠህ ታጣብቃለህ። ሳይወፍር በኢፖክሲ ቀባው፤ ጠርዞቹን ሦስቴ፣ ውሃ በብዛት የሚጠጡት እነሱ ናቸውና። ከዚያ ኢፖክሲውን በሲሊካ ዱቄት እንደ ለውዝ ቅቤ አወፍረህ ቀባና አጣብቅ። ማጥበቂያውን አታብዛው፤ ማጣበቂያው ተጨምቆ ካለቀ የሚይዝ ነገር አይቀርም። ትራንሰሙ ከጎኖቹ ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን በዚያው በወፈረ ኢፖክሲ ሞልተህ ክብ አድርገው፤ ፋይበርግላስ በሹል ማዕዘን ላይ ስለማይተኛ ሥሩ አየር ይይዛል። ላዩ ላይ 1708 የሚባለውን የፋይበርግላስ ጨርቅ ሦስት ድርብ፣ እያንዳንዱን ካለፈው በ5 ሳንቲ ሜትር እያሰፋህ አልብስ። ጨርቁና የሚጠጣው ሬዚን በክብደት እኩል ለእኩል ነው፤ ለጨርቁ 3 ኪሎ፣ ለማጣበቁና ለመሙላቱ ሌላ 3 ወይም 4 ኪሎ ኢፖክሲ ያዝ።

የሞተሩን ብሎን ቀዳዳ በልኩ አትብሳ። ለ12.7 ሚሊ ሜትር ብሎን በ20 ብሳ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ሙላ፣ ሲደርቅ በ12.7 ድጋሚ ብሳ። ያኔ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውሃው እንጨት አያገኝም። የቀድሞው ትራንሰም የሞተው ይህ ስላልተደረገለት ነው።

ትራንሰሙ፣ ስትሪንገሮቹ፣ ወለሉና ፎሙ አንድ ላይ ከሄዱ ግን መቶ የሥራ ሰዓት ላይበቃ ይችላል። ጀልባዋን በነጻ ቢሰጡህ እንኳ ውድ ናት።

ጥያቄ፦ ፖሊስተር ሬዚን ይረክሳል። ለምን ኢፖክሲ?

ለአዲስ ጀልባ ፖሊስተር ይበቃል፤ በአሮጌ ፋይበርግላስና በእንጨት ላይ ግን ኢፖክሲ በእጅጉ ይይዛል። ልዩነቱን እወቅ፦ ፖሊስተር ማጠንከሪያው ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፣ ለአንድ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር፤ ዓይን ላይ ቢረጭ ሊያሳውር ስለሚችል መነጽር ግዴታ ነው። ኢፖክሲ ግን በተጻፈው መጠን ብቻ ይቀላቀላል፤ እንዲፈጥን ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር ሳይደርቅ እንዲቀር ያደርገዋል። በጠባብ ዕቃ ብዙ ከደባለቅክ ግሎ ይጨሳል፤ 300 ግራም ያህል ደባልቀህ በሰፊ ሳህን ዘርጋው። በድርቦች መካከል ላዩ ላይ የሚወጣውን ቅባት መሰል ነገር በውሃ እጠበው፤ አለዚያ ቀጣዩ ድርብ ይላጣል። ሲፈገፈግ ደግሞ የአቧራ ጭምብል ሳይሆን ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ አድርግ።

ጥያቄ፦ ወረቀቷ ጠፍቷል ይላል ሻጩ።

ከኖቬምበር 1972 ወዲህ አሜሪካ የተሠራች ጀልባ በትራንሰሙ ቀኝ በኩል ባለ 12 ፊደልና አኃዝ መለያ ሊኖራት ይገባል። ይህ መለያ ከጀልባዋ ወረቀት ጋር፣ የተጎታቹ የራሱ ቁጥርም ከተጎታቹ ወረቀት ጋር ካልተመሳሰለ ገንዘብ አትስጡ። ተጎታቹን ስታዩም የጎማውን ቀን አንብቡ፤ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ። ኩሽኔታዎቹን በማሽከርከር አዳምጡ።

ጥያቄ፦ ሞተሩስ?

ካንዴላዎቹን አውጥተህ ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) ለካ፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ሞተሩን ዜሮ ዋጋ ስጠው። የካምቢዮው ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ኤታኖል ያለው ቤንዚን የድሮ ጎማ ቱቦዎችን ስለሚያለሰልስ ሁሉንም ለውጥ።

ጥያቄ ከባሕር ዳር፦ ጣና ላይ ለመሥራት አሮጌ ጀልባና 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ሊሸጡልኝ ነው። ልዩ የምጠነቀቀው አለ?

ጋሼ፣ ሁለት ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ የእርስዎ 40 እዚያ 33 ያህል ብቻ ይሆናል። ከባሕር ጠረፍ የመጣው ፕሮፔለር ይከብደዋል፤ ፒቹን (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄድበትን ርቀት) በአንድ ወይም በሁለት ኢንች ይቀንሱ፣ እያንዳንዱ ኢንች በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምርልዎታል። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ጄቱም (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) ማነስ አለበት። ሁለተኛው፣ ጨው የሌለው ውሃ ከባሕር ውሃ ይበልጥ ጄልኮቱን አልፎ ስለሚገባ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ላይ የምታድር ጀልባ ሆዷ ቶሎ ይቋጠራል። ከመግዛትዎ በፊት ከውሃ ወጥታ ይዩዋት፤ ከገዙም በበጋ ጥቂት ሳምንታት ጥላ ሥር አውጥተው ያድርቋት።