ማንቆርቆሪያው ነጭ ቢሆን አትስጉ፣ ጀሪካኑን ግን እዩት

ሰላም የጎንደር ልጆች። ሥራዬ የውሃ ምርመራ ነው። ሰሞኑን ስለ ቧንቧ ውሃ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንድ ላይ እንጨዋወት ብያለሁ። ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ማንቆርቆሪያዬ ውስጡ ነጭ ቅርፊት እየያዘ አስቸገረኝ። ክሎሪን ነው? ኩላሊት ላይ ጠጠር አይሆንም?

መልስ፦ ክሎሪንስ አይደለም እህቴ። ክሎሪን ሲፈላ ይበናል እንጂ አይጋገርም። ነጩ ነገር በብዛት ካልሲየም ነው፣ ማግኒዥየምም አለበት። ውሃ በአለት ውስጥ ሲያልፍ ይዟቸው ይመጣል። ሲፈላ ከውሃው ይለዩና ብረቱ ላይ ይለጠፋሉ። ጠንካራ ውሃ የምንለው ይህን ነው። በካልሲየም ካርቦኔት መጠን ተሰልቶ በሊትር ከ60 ሚሊግራም በታች ከሆነ ለስላሳ፣ ከ120 ካለፈ ጠንካራ፣ ከ180 ካለፈ በጣም ጠንካራ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ብሎ ያስቀመጠለት ወሰን የለም። ሁለቱንም ማዕድናት ሰውነታችን ይፈልጋቸዋል። ለኩላሊት ጠጠር በይበልጥ የሚያጋልጠው ውሃ አሳንሶ መጠጣት ነው። ቅርፊቱን ፈርተሽ ውሃ እንዳትቀንሺ፣ አደራሽን። ከዚህ በፊት ጠጠር ወጥቶብሽ ከሆነ ግን ሐኪምሽን አማክሪ። ቅርፊቱን ለማስለቀቅ ሎሚ ጨምቀሽበት ወይም አቼቶ በውሃ በጥብጠሽ አፍይና ግማሽ ሰዓት ተዪው።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር ሳሙና አላረፋ ይላል፣ ወንድሜ ሰፈር ግን ጥሩ ያረፋል። ከተማው አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ከተማው አንድ ነው፣ የውሃው ምንጭ ግን አንድ አይደለም። ከአንገረብ ግድብ የሚመጣ አለ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳብም አለ። የግድቡ ውሃ በብዛት ክረምት ላይ የተጠራቀመ ስለሆነ ከአለት ጋር ብዙ አልቆየም። ስለዚህ ለስለስ ይላል። የጉድጓዱ ግን መሬት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ማዕድን ይጠግባል። ቤትህ ልትሞክረው ትችላለህ። በሁለት እኩል ጠርሙስ የዝናብ ውሃና የቧንቧ ውሃ አድርግ። እኩል የተፋቀ የልብስ ሳሙና ጨምረህ ናጣቸው። የአረፋው ልዩነት ይነግርሃል። በኦሞ ግን አትሞክረው፣ እሱ በጠንካራ ውሃም ያረፋል።

ጥያቄ፦ ሽምብራ ቀኑን ሙሉ ጥጄው አልበስል አለኝ። ውሃው ነው?

መልስ፦ ውሃውም ከፍታውም ነው እታለም። ካልሲየም ጥራጥሬን ያጠነክራል። ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፈሽ እደሪ።

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ጠፍቶ የመጣው ውሃ ቡናማ ነው። አፍልቼ ብጠጣው ምን ይለኛል?

መልስ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ብዙ ሰው ነጩን ቅርፊት ይፈራል፣ እኔ ግን ፈረቃውን እፈራለሁ። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው ባዶ ይሆናል። ግፊት ስለሌለው በተሰነጠቀበት በኩል የውጭ ፍሳሽ ሊገባበት ይችላል። ውሃው ሲመለስ ያንን ከዝገትና ከደለል ጋር ጠራርጎ ያመጣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚወርደውን ለሽንት ቤት አድርጉት፣ ወደ ሮቶ አታስገቡት። ሲጠራ ቅዱ፣ አሳርፉ፣ በንጹሕ ነጠላ አጥልሉና አፍሉ። በእኛ ከፍታ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። መብራትም ከሰልም ከሌለ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ውሃ ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በደፈረሰ ውሃ ላይ ግን ክሎሪኑ ቆሻሻው ላይ ያልቃል፣ ለጀርሙ አይተርፍም።

ደግሞ ጀሪካኑ አለ። ጠዋት ንጹሕ የተቀዳ ውሃ ማታ ላይ የሚበከለው በእጃችን ነው። ባልዲ ውስጥ ኩባያ የሚነክር ልጅ አለ፣ የማይከደን ጀሪካን አለ። አዘንብላችሁ ቅዱ እንጂ አትጥለቁ። ውስጡ አረንጓዴ የያዘውን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁ፣ ካልለቀቀ ለልብስ ውሃ አውሉት። ሕፃን ያለበት ቤት ለዚህ ነገር ቸል እንዳይል እለምናለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ክሎሪን ይሸተኛል ብላ አልጠጣም አለች።

መልስ፦ ሰፊ ዕቃ ላይ ገልብጠሽ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጊበትና ጥቂት ሰዓት ይቆይ፣ ሽታው ይቀንሳል። ግን ያንን ሽታ አትጥይው። ቤት ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲቀር የሚፈለገው መንገድ ላይ ለሚገባው ጀርም ነው።

ጥያቄ፦ የሸክላ ማጣሪያ የውሃውን ጥንካሬ ይቀንሳል?

መልስ፦ አይቀንስም። ድፍርሱንና አብዛኛውን ባክቴሪያ ግን ይይዛል። ለዚያ ከሆነ ግዛው።

ጥያቄ፦ ሮቶ በስንት ጊዜ ይታጠብ?

መልስ፦ ቢያንስ በዓመት ሁለቴ። አንዱን መስከረም ላይ አድርጉት፣ ክረምቱ ያመጣው ደለል ታች ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛውን ከፋሲካ በፊት።