መርከቧ ሐይቁ ውስጥ እንዴት ገባች?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ስላሰማሯትና ከዚያም ለብዙ አሥርተ ዓመታት መንገደኛ ስታመላልስ ስለኖረች የእንፋሎት መርከብ ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው ነበር። በግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ከትንንሽ ጀልባ በቀር ያላዩት ልጆች ግን ያን የሚያህል መርከብ ከባሕር ወደ ራቀ ሐይቅ እንዴት ሊገባ እንደቻለ፣ ሰጥሞ ከቆየ በኋላስ እንዴት እንደሠራ ጠየቁኝ። አሁንም የእንፋሎት መርከብ መባሏ ትክክል ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የጠቀሷት መርከብ «ሊዬምባ» ናት። እ.ኤ.አ. በ1913 በጀርመን ፓፔንበርግ ከተማ በሚገኘው የማየር መርከብ መሥሪያ ስትገነባ የወጣላት ስም ግን «ግራፍ ፎን ጎትሰን» ሲሆን፣ ይህም የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ገዥ የነበረ ሰው ስም ነው። 71 ሜትር ገደማ የምትረዝመው መርከብ ወደ ሐይቁ የሄደችው ተፈታታ ነው። አካሏ በ5,000 ያህል ሳጥኖች ታሽጎ በባሕር እስከ ዳሬሰላም፣ ከዚያም 1,250 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የባቡር ሐዲድ በሐይቁ ዳርቻ እስካለችው የኪጎማ ከተማ ተጓዘ። ሐዲዱ ኪጎማ የደረሰው በ1914 ስለነበር፣ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ቢታሰብ ኖሮ ሥራው እጅግ በከበደ ነበር። ከፓፔንበርግ የተላኩ ባለሙያዎችና የአካባቢው ሠራተኞች ላሜራዎቹን በሪቬት (በብረት ችንካር) እየመቱ ገጣጠሟት፤ በፌብሩዋሪ 1915ም ውሃ ላይ ወረደች።

በዚያን ጊዜ ጦርነቱ ተጀምሮ ስለነበር ወታደርና ስንቅ ማመላለሻ ሆነች። በጁላይ 1916 ጠላት ኪጎማን ሲቃረብ ጀርመኖች ራሳቸው በማላጋራሲ ወንዝ አፍ አጠገብ አሰጠሟት። የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስም ያለው በዚሁ አሰማመጥ ላይ ነው። መሐንዲሶቹ አንድ ቀን ተመልሰው እንደሚያወጧት ተስፋ ስላደረጉ፣ ከማስጠማቸው በፊት ሞተሮቿን በወፍራም ግራሶ ለቀለቋቸው። በጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ወቅቱ ሲያልፍ መፈልፈያ ማሽኑ ታጥቦና ግራሶ ተቀብቶ ለከርሞ እንደሚቀመጥ ለተማሪዎችዎ ቢያስታውሷቸው ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል። እንግሊዞች በ1924 ከሐይቁ ሲያወጧት ሞተሩም፣ እንፋሎት የሚያመነጨው ቦይለሩም ለሥራ የሚበቁ ሆነው ተገኙ፤ በ1927ም በአዲሱ ስሟ አገልግሎት ጀመረች። የሐይቁ ውሃ ጨው አልባ መሆኑም ብረቷን ከፈጣን ዝገት አድኗታል።

ብዙዎች ረጅም ዕድሜዋን ለጀርመን ብረት ጥንካሬ ብቻ ይሰጣሉ። እኔ ግን ከዚያ የሚበልጠው ምክንያት የሐይቁ ዳርቻ ሕዝብ ችግር ነው ብዬ አምናለሁ። ሐይቁ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በዳርቻው ያሉ ብዙ መንደሮች ደግሞ ደኅና መንገድ የላቸውም። ከታንዛኒያዋ ኪጎማ እስከ ዛምቢያዋ ምፑሉንጉ በሚደረገው ጉዞ መርከቧ ማስጠጊያ በሌላቸው መንደሮች ፊት ለፊት ውሃው ላይ ትቆም ነበር። የእንጨት ጀልባዎች ከጎኗ ይጠጉ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በጎን በሯ ይገቡ፣ በጆንያ የታሰረው የደረቀ ዓሣም ከጀልባው ወደ ላይ ይጫን ነበር። ይህን ሁሉ የሚተካ ነገር ባልነበረበት፣ ባለቤቶቿ እየጠገኑ ከማሠራት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። በ1997 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኮንጎ ስደተኞችን ወደ አገራቸው የመለሰችው፣ በ2015ም ከቡሩንዲ ሸሽተው ካጉንጋ በምትባል ጠባብ ዳርቻ የታጨቁትን ወደ ኪጎማ ያሻገረችው እሷው ነበረች። በቅርብ ዓመታት ግን ሰፊ ጥገና አስፈልጓት ከአገልግሎት ወጥታ ቆይታለች።

የእንፋሎት ሞተሯ በ1970ዎቹ በናፍጣ ሞተር ስለተተካ፣ ለተማሪዎችዎ «በእንፋሎት ተወልዳ በናፍጣ የሠራች» ብለው ቢያስረዷቸው ትክክል ይሆናል። አካሏ ግን ያው በሳጥን ተጭኖ የመጣው ነው።